የበርበሬ ችግኜ ቅጠል ቢጫ ሆነ፦ ከድሬዳዋ የተነሳ ጥያቄና የተሰጡት ምላሾች

ጥያቄውን በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ያነሳው ድሬዳዋ ሳቢያን የሚኖር ወጣት ነው። ግቢ የለውም። ተከራይቶ በሚኖርባት ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ውስጥ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ማረቆ ፋና በርበሬና ቲማቲም ዘርቶ፣ በነጭ ኤልኢዲ መብራት ሲያሳድግ ቆይቷል። ችግኞቹ አራት አምስት ቅጠል ካወጡ በኋላ ተበላሹበት። ከላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ጅማታቸው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። የታችኞቹ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ደረቀ። አንዳንዶቹ ዳር ዳራቸው ወደ ላይ ተጠቀለለ። ልጁ የምግብ እጥረት ነው ብሎ ደምድሟል። ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ ሁለት ጊዜ ሰጥቷል። የጠየቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን የሚጨምረው ዩሪያ ነው ወይስ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ)?

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትዬዋለሁ፤ መሃል ላይም ገብቼበታለሁ። እዚህ የምተርከው እንዲህ ዓይነት ችግኝ ይዞ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። መልሱም ከአንድ ሰው አልመጣም። ሰዎቹ ተጣልተውም ተስማምተውም የደረሱበት ነው።

1ኛው ምላሽ ፈጣን ነበር። ጸሐፊው ቢጫ ቅጠል ማለት የናይትሮጅን እጥረት ስለሆነ ዩሪያውን እንዲያጠነክረው መከረ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ግን ደነገጥኩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። በአንድ ሃይላንድ አፈር ውስጥ ለተተከለች ችግኝ ትንሽ ከበዛ ሥሯን ያቃጥላል። የናይትሮጅን እጥረት ደግሞ የሚጀምረው ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው። ቅጠሉም ከነጅማቱ ይገረጣል። የልጁ ችግኝ ቢጫ የሆነው ከላይ ነው፤ ጅማቱም አረንጓዴ ነው።

2ኛዋ መላሽ ሐረር ችግኝ አፍልታ የምትሸጥ ሴት ናት። ምንም ምክር አልሰጠችም። ጥያቄ ብቻ ደረደረች። ሃይላንዱ ከስሩ ተበስቷል ወይ? ውሃ በየስንት ጊዜው ያጠጣል? ውሃው ከየት የመጣ ነው? መብራቱ ከቅጠሉ ምን ያህል ይርቃል? በስንት ሰዓት ይጠፋል? ፍግ ከገባበት የምን ፍግ ነው፣ ትኩስ ነው ወይስ የበሰበሰ? መብራት ስር የተነሳ ፎቶ ቀለም ስለሚያሳስት በመስኮት ብርሃን ድጋሚ እንዲያነሳ፣ የቅጠሉንም ጀርባ እንዲያሳይ ጠየቀችው። በአጻጻፏ ወንድሜ፣ የኔ ወንድም እያለች ነው። ይህን ሁሉ ሳይጠይቁ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። ውይይቱን ፍሬ እንዲያፈራ ያደረገችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

3ኛው ከድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የጻፉ አባት ናቸው፤ በምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ። ልጁን አቦ አትጨነቅ በሚል መንፈስ አረጋጉት። ቢጫው ቅጠል ብረት እንደጎደለው ሳይሳሳቱ ለዩ። መፍትሔያቸው ግን የዛገ ሚስማር አፈሩ ውስጥ መቅበር ነበር። በ4ኛው ምላሽ ደግሞ አንድ ሰው የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድቶ ማሳደር ጨውን እንደሚያጠፋ ጻፈ።

5ኛው ምላሽ ረጅሙ ነው። ጸሐፊው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ የሚማር ልጅ ነው። ያስረዳው ነገር እያንዳንዱ ችግኝ አሳዳጊ ሊያውቀው የሚገባ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ተክል ከሚበላቸው ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ አንድ ቅጠል ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ ሌላው መዛወር ይችላሉ። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም እንዲህ ናቸው። ሲጎድሉ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል። ስለዚህ ጉዳቱ መጀመሪያ ከታች ይታያል። ብረትና ካልሲየም ግን ከገቡበት ቅጠል እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ሲጎድሉ የሚጎዳው አዲሱ ቅጠል ነው። ካልሲየም ሲያጥር ለጋው ቅጠል ተጨማዶና ተጣሞ ይወጣል። ብረት ሲያጥር ቅርጹ ደህና ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ማግኒዥየምም በጅማቶቹ መካከል ያገረጣል፤ የሚጀምረው ግን ከአሮጌው ቅጠል ነው። ፖታሲየም ሲያንስ የአሮጌው ቅጠል ዳር ዳር ይቃጠላል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ማየት አይበቃም። ከየት እንደጀመረ ማየት ያስፈልጋል።

ተማሪው ቀጥሎ አስቸጋሪውን ነገር አነሳ። ብረት አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ሊራብ ይችላል። የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው። በዚህ ውሃ ደጋግሞ ማጠጣት የአፈሩን ፒኤች (የኮምጣጣነቱን መለኪያ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል) ከፍ ያደርገዋል። በርበሬና ቲማቲም ከ6 እስከ 6.8 ያለው ይስማማቸዋል። ከ7 ካለፈ ብረቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ ሥሩ አያገኘውም። የሚስማሩም ዝገት በእንዲህ ዓይነት አፈር ውስጥ አይሟሟም። ውሃ ማሳደርም ቢሆን ክሎሪኑን ያተንን ይሆናል እንጂ ኖራውን አይቀንስም። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን የምድር ባቡሩን አባት ሲያርም አንተ እያለ፣ ተረት ተረት ብሎ ነው። በዕድሜ አባቱን የሚያህሉ ሰው ናቸው። አልወደድኩለትም።

6ኛው ምላሽ ይህንኑ ይዞ ተማሪውን ነዘነዘው፤ በመጽሐፍ እርሻ አይታረስም በሚል። 7ኛው የተማሪው መልስ የባሰ ነበር። 8ኛው ላይ አንዲት ሴት ሁለቱንም ገሠጸቻቸው፤ ልጁ ችግኙ እየሞተበት እኮ ነው ብላ። ቆመ።

በ9ኛው ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። መልሶቹ ብዙ ነገር አወጡ። ሃይላንዱ አልተበሳም። ውሃ በየቀኑ ጠዋት ያጠጣል። ውሃው ከቧንቧ ወደ ሮቶ ገብቶ የሚቀዳ ነው። አፈሩ ቀይ አፈር ከፍየል በጠጥ ጋር ሲሆን በጠጡ ትኩስ ነበር። መብራቱ ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ያህል ነው የሚርቀው፤ ሌትም ቀንም አይጠፋም። ከሰዓት በኋላ ከሙቀቱ የተነሳ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። በመስኮት ብርሃን ያነሳቸው አዳዲስ ፎቶዎችም አብረው መጡ። የጥያቄ ብዛት ያላሰለቸው፣ በደንብ የሚመልስ ልጅ ነው።

10ኛው ምላሽ የእነዚያው የከዚራ አባት ነው። ስለ ስድቡ ምንም አላነሱም። ሚስማሩንም ተዉት። ይልቅ ከፎቶው ሌሎቻችን ያላየነውን አዩ። በአፈሩ ፊት ላይ ነጭ ቅርፊት አለ። ድሮ በእንፋሎት ይሄድ የነበረውን ባቡር የጠገኑ ታላላቆቻቸው፣ የውሃው ኖራ ቦይለር (የባቡሩ ውሃ ማፍያ ጋን) ውስጥ እንዴት እንደሚጋገር ያወሩላቸው እንደነበር ጻፉ። ችግኙ የተተከለበት ሃይላንድም ውሃው ሲተን ጨው የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው፤ ቀዳዳ ከሌለው የገባው ጨው የትም አይሄድም። ዩሪያው፣ ትኩሱ በጠጥና የውሃው ኖራ እዚያው ተጠራቅመዋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፍ የተቃጠለው በዚህ ነው። ስለዚህ ከማዳበሪያ ሁሉ በፊት ሃይላንዱን እንዲበሳ ነገሩት። ተማሪው ከስሩ አጭር መልስ ጻፈ። በዚህኛው እርስዎ ብሎ፣ ጋሼ ብሎ አመሰገናቸው። ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ውይይቱ ወደ ማንቆርቆሪያ ሄደ። ከ11 እስከ 14 ያሉት ምላሾች ስለ ድሬ ውሃ ናቸው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጡ እንዴት ነጭ እንደሚሆን፣ በሎሚ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሻይ የሐረር ውሃ ይሻላታል ወይስ የድሬ። አንድ የሐረር ሰው ስለ ቅጠል ካወራን አይቀር ብሎ ከደረቀ የቡና ቅጠል ስለሚፈላው ቁጢ አወራ። ቁጢው ባይጠቅመንም ማንቆርቆሪያው ጠቅሞናል። ውሃ ሲፈላ የኖራው ክፍል ተለይቶ ታች ይቀራል። አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ ቀድቶ ማጠጣት ለጥቂት ችግኝ የሚቻል ነገር ነው። ዝናብ ሲገኝ የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቂት የሎሚ ጠብታ በሊትር ውሃ ውስጥ መጨመርም ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል፤ ሳይለኩ ማብዛት ግን ሌላ ጉዳት ያመጣል።

በ15ኛው አንድ ሰው ሆርሞን እሸጣለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ ዓይነት ነገር ለጠፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ ትክክል ነው። 16ኛው ግን አደገኛ ነበር። ጸሐፊው ጥቅልል ያለው ቅጠል ተባይ ስላለበት ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ እንዲረጭበት መከረ። ልጁ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኛው!

17ኛዋ ነርስ መሆኗን ጽፋለች። ቁጣዋ ከባድ ነበር። ማላታይን ነርቭን የሚያጠቃ ኬሚካል መሆኑን፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ መርጨት ራስን መመረዝ እንደሆነ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የትንፋሽ ማጠር ምልክቶቹ እንደሆኑ ዘረዘረች። የ16ኛውን ጸሐፊ ከማታውቀው ነገር እጅህን ሰብስብ አለችው። አንዳንዶች አበዛችው አሉ። አላበዛችም። ለጥቂት ቲማቲም ብሎ ሰው ሳንባውን አይሰጥም። ከዚህ ቀጥሎ ወሬው ጥቂት ጊዜ ወደ ጫት ርጭት ሄዶ ነበር፤ እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

18ኛው የእኔ ነው። ተባይ አለ የሚል ሰው መጀመሪያ ተባዩን ያሳይ፤ ይህን ነው የጻፍኩት። ሞቃትና ደረቅ ክፍል ቀይ ሸረሪት ለሚባለው ደቃቅ ተባይ ይመቻል። ቅጠሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ የገረጡ ነጥቦች ይወጣሉ። ሲብስ ጀርባው ላይ ቀጭን ድር ይታያል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ስር ይዞ ቅጠሉን መታ መታ ማድረግ ነው። የወደቀው ነጥብ የሚሄድ ከሆነ ተባይ ነው፤ የማይሄድ ከሆነ አቧራ ነው። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ የሚባሉት ተባዮችም የሚገኙት ጀርባው ላይ ነው። ነጭ ዝንብ በቲማቲም ላይ በጣም ያሰጋል፤ ቅጠል የሚያጨማድድ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል።

19ኛው ምላሽ ጅቡቲ ከሚኖር የድሬ ልጅ መጣ። እሱም ከሙቀቱ የተነሳ ችግኝ በመብራት ያሳድጋል። ትኩረቱ ልጁ መብራቱን ባለማጥፋቱ ላይ ነበር። ቲማቲም ጨለማ ይፈልጋል። ሃያ አራት ሰዓት ብርሃን ሲያገኝ ቅጠሉ ነጠብጣብ እያወጣ ቢጫ ይሆናል፤ ማዳበሪያ አያድነውም። ለችግኝ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይበቃል። አንድ ስንዝር ርቀት ደግሞ ለጠንካራ ኤልኢዲ ቅርብ ነው፤ ወደ ላይ የተጠቀለሉት ከመብራቱ በቀጥታ ስር ያሉት ቅጠሎች መሆናቸውን በፎቶው አመለከተ። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር እንዲያደርገው መከረ። ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘ ግን በጣም ርቋል ማለት ነው፤ ያኔ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህን ምላሽ ሳነብ በጣም ተገረምኩ። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም ስለ አፈርና ውሃ ብቻ ነበር የምናወራው።

በ20ኛው ልጁ የወረቀቱን ሙከራ ውጤት ይዞ መጣ። በርበሬዎቹ ንጹህ ናቸው። አንዷ ቲማቲም ላይ ግን የሚሄዱ ነጥቦች ተገኙ። ነርሷ ቀድማ ደረሰች፤ ችግኟን ከሌሎቹ አርቆ፣ የቅጠሏን ጀርባ በንጹህ ውሃ በየጥቂት ቀኑ እንዲያጥብ ነገረችው።

21ኛው የሐረሯ ችግኝ አፍይ ናት። የተባለውን ሁሉ ሰብስባ ቅደም ተከተል ሰጠችው። መጀመሪያ አንዷን ችግኝ ከነአፈሯ ቀስ ብሎ አውጥቶ ሥሯን ይይ። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ተስፋ አለ። ቡናማ ሆኖ ከሸተተ በስብሷል። ቀጥሎ ሃይላንዶቹን ሁሉ ከስር ይብሳ። ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ከሃይላንዱ መጠን ሁለት ሦስት እጥፍ ቀስ እያለ አፍስሶ ጨውን ያጥበው። ከዚያ በኋላ አፈሩ እስከ አንድ የጣት አንጓ ድረስ ሳይደርቅ ውሃ አያጠጣ። ብዙ ውሃ ያጠገበው ችግኝም ይጠወልጋልና የደረቀ እየመሰላቸው ሰዎች ይጨምሩበታል። ለየት የሚያደርገው የሃይላንዱ ክብደት ነው፤ ሲያነሱት ከከበደ ውሃ አለው። ማዳበሪያ የሚባል ነገር አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ድረስ አይነካ።

22ኛው ላይ ተማሪው ተቃወመ፤ በጨዋ ቋንቋ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። ሁለት ችግኝ ብርሃኑ ብቻ ተስተካክሎላቸው አፈራቸው ሳይታጠብ እንዲቆዩ ጠየቀ። የሐረሯ ሴት ለመማር ጥሩ እንደሆነ፣ ለሚሸጥ ሰው ግን የማይቻል ቅንጦት እንደሆነ መለሰች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ የተማሪውን ሐሳብ ተቀበለ። ተማሪው አያይዞ፣ ቢጫው ካልለቀቀ የብረት ማዳበሪያ ሲገዛ ዓይነቱን እንዲያጣራ አሳሰበ። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን ይዞ አይቆይም። ኖራ ላለበት አፈር የሚሆነው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ነው።

23ኛው ትንሽ ሹል ነበር። የድሬዳዋው ቀፊራ ሰፈር ሰው የሐረር ምክር ድሬ ላይ አይሠራም አለ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ወደ 1,200። ጣት አንጓ እስኪደርቅ መጠበቅ በግንቦት ሙቀት ችግኝ ይገድላል የሚል ነው ክርክሩ። ሴትየዋ አልተቆጣችም። አንጓው ሐረር ላይ በሦስት ቀን ቢደርቅ ድሬ ላይ በአንድ ቀን ሊደርቅ እንደሚችል፣ ለዚህም ቀን ከመቁጠር ጣት ማስገባት እንደሚሻል አስረዳችው። ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

24ኛውና 25ኛው ሰላምታና የመብራት መቆራረጥ ወሬ ናቸው።

በ26ኛው ልጁ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ሁለት በርበሬ ሥራቸው በስብሶ ስለነበር ሞተዋል። የቀሩት አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፤ አረንጓዴ ነው፤ ዳሩም አልተጠቀለለም። አፈራቸው ያልታጠበው ሁለቱ ብርሃናቸው ተስተካክሎ እንኳ አሁንም ጫፋቸው ይቃጠላል። መጠቅለሉ ግን ቆሟል። ስለዚህ ጥቅልሉ ከመብራቱ፣ ቃጠሎው ከጨው መሆኑ በእነዚያ ሁለት ችግኞች ተለየ። ተማሪው ልክ ነበር።

27ኛው መላሽ ግን አልረካም። የደረቁት ጫፎች ስላልዳኑ ሕክምናው አልሠራም ባይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ራሴ ገብቼ መለስኩ። የተቃጠለ የቅጠል ክፍል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ ሞቷል። ከብረት እጥረት ቢጫ የሆነው ሊመለስ ይችላል፤ እሱም ሁሌ አይደለም። ችግኝ መዳኑ የሚታወቀው ከምክሩ በኋላ በወጣው ቅጠል ነው። አሮጌውን እያዩ ማዳበሪያ መጨመር የዳነውን መልሶ ማቃጠል ነው።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ችግኞቹን ከክፍል ወደ ውጭ ስለ ማውጣት ናቸው። ልጁ ችግኞቹን መልካ ጀብዱ ላለ ዘመዱ ማሳ ሊወስድ አስቧል። መልካ ጀብዱ የሚያመርት አንድ ገበሬ በ30ኛው ላይ አስጠነቀቀው። ክፍል ውስጥ ያደገ ቅጠል የድሬን ፀሐይ በአንድ ጊዜ ካገኘ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ማለማመድ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ በጥላ፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ፣ ከዚያ እየጨመሩ። ከተተከለ በኋላም በምዕራብ በኩል በአገዳ ጥላ እንዲሠራለት፣ ተከላውም ፀሐይ ከበረደ በኋላ ማታ እንዲሆን ነገረው። ነርሷ በ31ኛው ያቺን ቀይ ሸረሪት የተገኘባትን ቲማቲም አስታወሰች። ወደ ማሳ ከመሄዷ በፊት የወረቀቱ ሙከራ ይደገምላት፤ አንድ የሚሄድ ነጥብ እንኳ ከተገኘ እዚያው ትቅር። ልጁ እሺ እህቴ ብሎ መለሰ። የማለማመዱንም ሥራ የበርበሬዎቹን አስቀድሞ እንደጀመረ ጻፈ።